ደብር ማለት ተራራ ነበር

በግእዝ «ደብር» ተራራ ነው። «ገዳም» ደግሞ ዱር፣ በረሃ፣ ሰው ያልሰፈረበት ምድር። ዛሬ ደብር ሲባል በአብዛኞቻችን ዓይነ ሕሊና የሚመጣው ጉልላቱ የሚያንጸባርቅ፣ ቅጽሩ በግንብ የታጠረ ትልቅ ቤተክርስቲያን ነው፤ ገዳም ሲባልም መነኮሳቱና ቤታቸው። ቃሎቹ ግን ከግንቡ በዕድሜ ይበልጣሉ። በአዳማ ዙሪያ ያሉትን ሦስት የመካከለኛው ዘመን የተሳልሞ ቦታዎች፣ ዝቋላን፣ አዳዲ ማርያምንና የዝዋይን ደሴቶች፣ ለመዳሰስ ስነሣ ይህ የቃል ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣም። ባለፉት 800 ዓመታት በነዚህ ቦታዎች ሕንፃው ተፈልፍሏል፣ ፈርሷል፣ ሣር ለብሷል፣ ቆርቆሮ ለብሷል። ምእመኑ የሚሄደው ግን ያኔም ዛሬም ወደ ተራራው፣ ወደ ውሃውና ወደ ዱሩ ነው። ይህን ስንረሳ ምን እንደምናጣ በቅርብ ዓመታት በዓይናችን እያየን ነው።

«ካቴድራል» የሚለው ስም ወደ እኛ የመጣው ዘግይቶ ነው። በላቲኑ ዓለም ስሙ የጳጳሱ መንበር ያለበትን ቤተክርስቲያን ያመለክታል። በኢትዮጵያ ግን በመካከለኛው ዘመን ጳጳስ ከእስክንድርያ ይላክ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም የሚላከው አንድ ብቻ ነበር። ቤተክርስቲያኗ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ስለዚህ በየከተማው የጳጳስ መንበር ተተክሎ፣ በዚያ ዙሪያ ትልቅ ሕንፃ እየገነነ የሚሄድበት ታሪክ አልነበረንም። ሕዝቡ ስንቁን ቋጥሮ የሚጓዘው ጻድቅ ወደ ጸለየበት ተራራ፣ ታቦት ወደ ተሸሸገበት ደሴት፣ ዐለት ወደ ተፈለፈለበት ኮረብታ ነበር።

ንጽጽሩ ይጠቅማል። በስፔን የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1075 ተጀምሮ በ1211 ተባረከ። ይህ የመጨረሻው ዘመን ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጋር ይገጥማል። የሳንቲያጎ ግንበኞች ከሩቅ አገር የሚመጣው ሕዝብ ቅዳሴውን ሳያውክ መሠዊያውን በስተኋላ ዞሮ እንዲያልፍ ከሕንፃው ውስጥ መተላለፊያ ሠሩለት። የኛ ሊቃውንት መልስ ሌላ ነበር። ቅድስተ ቅዱሳኑ ተጋርዶ ይኖራል፤ በንግሥ ቀን ታቦቱ ራሱ ወጥቶ ቤተክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ሕዝቡ በዐጸዱ ዛፍ ሥር ሆኖ ይቀበለዋል። የተሳላሚው ቦታ ከግድግዳው ውጪ ነው። ለሃምሳ ሺህ ሰው የሚበቃ ጣራ መሥራት አላስፈለገም፤ ዐጸዱ ነበረና። የኢትዮጵያን ቤተክርስቲያን ሥነ ሕንፃ የሚያጠና ሰው ግድግዳውን ለክቶ ከተመለሰ ግማሹን ሥራ ትቶ መጥቷል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

አዳዲ ማርያም ከሦስቱ ሁሉ ድንጋይዋን ለማንበብ የምትመች ናት። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ወርዶ፣ የጥንት ሰው መሣሪያ የተገኘበትን መልካ ቁንጡሬን አልፎ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ኮረብታው አናት ላይ ተደርሶ እንኳ ቤተክርስቲያኗ አትታይም። ጣራዋ ከመሬቱ እኩል ስለሆነ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ያስፈልጋል። ዐለቱ ዙሪያውን ተቦርቡሮ ጥልቅ ቦይ ከወጣለት በኋላ መሐል የቀረው ድንጋይ ውስጡ ተፈልፍሎ ቤተክርስቲያን ሆኗል። ግንበኛ ከመሠረት ወደ ጣራ ይሠራል፤ የአዳዲ ጠራቢዎች ግን ከጣራ ጀምረው ወደ መሠረት ወረዱ። አንድ የመሮ ምት ከተሳሳተ የሚተካ ድንጋይ የለም፤ የተቆረጠው አይመለስም። ሥራው የ12ኛው ወይም የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ተብሎ ይገመታል። ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሲነጻጸር ቅርጹ ሸካራ፣ ጌጡም ጥቂት ነው። ግን አንድ ነገር አስቡ፤ ከላስታ ይህን ያህል ርቆ፣ በዚህ የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ፣ ያንኑ ጥበብ የያዘ እጅ ወደ ደቡብ መጥቷል።

እጁ ለምን እንደመጣ የአካባቢው ትውፊት መልስ አለው። ንጉሥ ላሊበላ ዝቋላን ለመሳለም ሲጓዝ በዚህ ስላለፈ አሠራት ይባላል። ትውፊቱን እንደ ሰነድ አልቆጥረውም፤ ግን አንድ ትልቅ ነገር ይነግረናል። በሕዝቡ ትዝታ አዳዲ ማርያም የመንገድ ቤተክርስቲያን ናት፣ የጉዞው መድረሻ ዝቋላ ነው። ንጉሡ ራሱ ተሳላሚ ሆኖ የሚታሰብበት ታሪክ ነው።

ዝቋላ ከአዳማ በስተምዕራብ፣ ከቢሾፍቱ ደግሞ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሜዳው መሐል ብቻውን የቆመ ተራራ ነው። ከፍታው 2,989 ሜትር ይደርሳል። እሳቱ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል። አናቱ ላይ እንደ ሰፌድ የጎደጎደ አፍ አለው፤ በውስጡ ወርዱ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐይቅ ተኝቷል። አፋፉን ዞሮ ለመጨረስ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል መሄድ ያስፈልጋል። በሐሳቤ የዚህን ገዳም ፕላን ብነድፍ ቅጽሩን ከዚህ አፋፍ እጀምራለሁ። ጽዱ ደን አምዱ ነው፤ ሐይቁ ጠበሉ ነው፤ በእንጨትና በድንጋይ የተሠራው ቤተክርስቲያን በዚህ ትልቅ ቅጽር ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት።

ገዳሙን እንደመሠረቱ የሚነገርላቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው፤ ምእመኑ አቡዬ ወይም አቦ ይላቸዋል። ገድላቸው ከግብፅ ምድር ተነሥተው በላሊበላ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ እንደመጡ፣ ዕድሜያቸው 562 ዓመት እንደነበረ፣ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ይከተሏቸው እንደነበር ይተርካል። በዝቋላ ባሕር ውስጥ ተዘቅዝቀው ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ 100 ዓመት እንደጸለዩም ይነገራል። በየቤተክርስቲያኑ ግድግዳ የምናያቸው ገላቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ አራዊቱ በግራ በቀኝ ቆመው፣ ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ነው። ሠዓሊዎቻችን ይህን ጻድቅ ከአራዊትና ከወፍ ለይተው የሣሉበት ጊዜ እምብዛም የለም። ጻድቁና ዱሩ በአንድ ሥዕል ይገኛሉ። መጋቢት 5 ዕረፍታቸው ነው፤ ጥቅምት 5ም በዝቋላ በታላቅ ንግሥ ይከበራል፤ በየወሩ 5 ቀንም በመላ አገሪቱ ይዘከራሉ።

የዝቋላ ስም ከኢትዮጵያ ውጪም ቀድሞ ተሰምቷል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በሠራው ታላቅ የዓለም ካርታ ላይ ተራራው በስሙ ተጽፏል። ፍራ ማውሮ ስለ ሐበሻ ምድር የጻፈውን ያገኘው የዚያው አገር ሰዎች ከሆኑ የሃይማኖት አባቶች እንደሆነ፣ አውራጃውንና ወንዙን፣ ተራራውንና ከተማውን በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ አስፍሯል። ስማቸው አልተጻፈም። ከአገራቸው ርቀው በባዕድ ክፍል ተቀምጠው አገራቸውን በሥዕል ሲገልጹ ዝቋላን ሳይጠሩ ማለፍ አልሆነላቸውም። በዚያን ዘመን የነገሥታቱ ከተማ ባራራም በዚሁ አካባቢ ነበረች፤ ተመራማሪዎች አንዳንዱ በየረር ተራራ፣ አንዳንዱ በእንጦጦ ይፈልጓታል። ዛሬ የፍጥነት መንገድ የሚያቋርጠው ይህ ሜዳ የመንግሥቱ እምብርት የሆነበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ያ ዘመን የተዘጋውም እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1529 የዐፄ ልብነ ድንግልና የኢማም አሕመድ ጦር የገጠሙበት ሽምብራ ቁሬ የሚገኘው በሞጆ አካባቢ ነው። ከዚያ ጦርነት በኋላ በሸዋ የነበሩ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ንብረታቸው ተበተነ። በዚያው መቶ ዓመት የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት ተከተለ፤ የአካባቢው ቋንቋና ሥርዓት ተለወጠ። በመካከለኛው ዘመን በዚህ ሜዳ ላይ የቆመ የእንጨትና የድንጋይ ሕንፃ ወደ እኛ አልደረሰም ለማለት ይቻላል። የደረሰው የተፈለፈለው ዐለት፣ ተራራውና ውሃው ነው።

ውሃው ደግሞ ሰውም ጠብቋል። በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፣ በላዩ ላይ ያለው ገዳም ደብረ ጽዮን ይባላል። የዛይ ሕዝብ ትውፊት እንደሚለው በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ 70 ዓመት የኖረችው በዚህ ደሴት ነው። ዛዮች ከአርሲ ኦሮሞ ገበሬ ጋር በገበያ እየተገናኙ፣ ሴማዊ ቋንቋቸውንና ክርስትናቸውን ግን በደሴቶቹ ላይ ይዘው ለዘመናት ኖሩ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዐፄ ምኒልክ ሰዎች ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ያገኙት የብራና መጻሕፍቱን ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ ነበር። የቤተክርስቲያኑ ግድግዳ ስንት ጊዜ እንደታደሰ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም፤ ደሴቱ ግን ራሱ ግምጃ ቤት ሆኖ አገልግሏል። በነገራችን ላይ የዝዋይ ሐይቅ በኦሮምኛ ሐሮ ደምበል ይባላል፤ የዝቋላው ሐይቅም ስሙ ደምበል ነው። ሁለቱ የተቀደሱ ውኆች በአንድ ስም መጠራታቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የግንባታ ዘመን የምኒልክ ነው። ከጎንደር ዘመን ጀምሮ የደገኛው ቤተክርስቲያን ዓይነተኛ ቅርጽ ክብ ነበር፤ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ አራት ማዕዘኑን መቅደስ ይከብባል፤ ጣራው ሣር ነው፤ አናቱ ላይ ጉልላት ይተከላል። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ማርያምንና ራጉኤልን ሲያሠሩ ክቡ ወደ ስምንት ማዕዘን ተለወጠ። ክቡ የጭቃና የእንጨት ቅርጽ ነው፤ የተጠረበ ድንጋይና የተሰነጠቀ ሳንቃ ቀጥታ መስመር ይወዳሉ። ስምንት ማዕዘኑ የውስጡን የክበብ ሥርዓት ሳያፈርስ ለድንጋይ ጠራቢው የሚመች ግድግዳ ሰጠ። ከአድዋ ጦርነት በኋላ በኢትዮጵያ የቀረው ጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሠራበት የአዲስ አበባው መናገሻ ጊዮርጊስ የዚህ ቅርጽ ከፍተኛ ደረጃ ነው። በዝቋላ አናት ያለው ባለስምንት ማዕዘን ቤተክርስቲያንም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው፤ ንድፉም የዚሁ የካስታኛ እንደሆነ ይነገራል። ተሳላሚው የጥንት ነው ብሎ የሚያየው ሕንፃ እንግዲህ ዕድሜው መቶ ዓመትን ጥቂት ያለፈ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንስበትም። በየዘመኑ ያለው ትውልድ የራሱን ጣራ ለዚያው ተራራ እንዳበረከተ ያሳያል።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከሕንፃው ይልቅ የመንገዱ ነው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ የጣቢያ ከተሞች ሆኑ። አዳማ ናዝሬት የሚለውን ስም ያገኘችውም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው፤ የሐዲዱ ከተማ በቅድስት አገር ከተማ ስም ተጠራች። ከባቡሩ በፊት ተሳላሚ በእግሩና በበቅሎው ነበር የሚጓዘው። በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ቆሎውን ቋጥሮ፣ ያገኘበት አድሮ፣ ከተራራው ግርጌ ወንበር ማርያም ደርሶ አረፍ ይላል፤ ከዚያ ዳገቱን ይጀምራል። ስለት ያለበት ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አለ፣ ጫማውን አውልቆ የሚወጣ አለ። በሐዲዱና በኋላም በአውቶቡሱ የሳምንቱ መንገድ የአንድ ቀን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት፣ በ2016ም የኤሌክትሪኩ ባቡር ሲመረቅ ርቀቱ ይበልጥ አጠረ። አሁን በንግሥ ዋዜማ አባዱላና ቅጥቅጥ ሞልቶ የሚወጣው ማኅበር ሌሊት ተነሥቶ፣ አስቀድሶ፣ ታቦቱን አጅቦ ማታ ቤቱ ያድራል።

መንገዱ አዳዲስ መድረሻዎችንም አግንኗል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ወደ ምሥራቅ የሚጎርፈው ሕዝብ አዳማን ሳይነካ አያልፍም። ቁልቢን ራስ መኰንን የተከሏት ናት፤ ከዝቋላ ጋር ሲነጻጸር ልጅ ናት፤ የተሳላሚዋን ብዛት ግን የወሰነው አውራ ጎዳናው ነው። ከአዳማ ወደ ደቡብ፣ በአሰላ በኩል ደግሞ የባሌው የድሬ ሼክ ሁሴን መቃብር ሙስሊም ተሳላሚ ባላ ዱላውን ይዞ ያልፋል። ያም መቃብር መነሻው ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። በአንድ መናኸሪያ የሦስት አቅጣጫ ተሳላሚ የሚሳፈርበት ከተማ በአገራችን ብዙ የለም፤ አዳማ በዚህ ብትኮራ ይገባታል።

ከዚህ ወዲህ ያለው ሕንፃ የሲሚንቶና የፌሮ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በአክሱም ያሠሩት ባለትልቅ ጉልላቱ አዲሱ የጽዮን ቤተክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመረቅ አንድ አርአያ ተተከለ። ሰፊ አዳራሽ፣ አንድ ትልቅ ጉልላት፣ ረጅም የደወል ቤት። ካለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በስምጥ ሸለቆው ከተሞች የሚነሡት አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው የዚያ ልጆች ናቸው። ምእመኑ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ፣ እናቶች በሙዳየ ምጽዋት የጣሉት ሳንቲም ተሰብስቦ የሚሠሩ ናቸውና በክብር ነው የማያቸው። የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ሕንፃው በሰፋ ቁጥር ዐጸዱ ይጠባል። አሮጌው ወይራና ጽድ ተቆርጦ ንጣፍ ድንጋይ ይነጠፋል፤ ታቦቱ ዑደት ሲያደርግ ሕዝቡ በጥላ ፈንታ በፀሐይ ይቆማል። የአገራችን የቤተክርስቲያን ሥነ ሕንፃ ዋና ክፍል የነበረው ዐጸድ፣ በገዛ እጃችን ለመኪና ማቆሚያ እየተሰጠ ነው።

ዝቋላ የክርስቲያኑ ብቻ እንዳልሆነም መናገር ይገባል። ኦሮሞው ጩቃላ የሚለው ይህ ተራራ በነባሩ እምነትም የተከበረ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ዳር እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ኢሬቻን የሚያከብረው ሕዝብ፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ጥቅምት 5 ዝቋላን ከሚወጣው ጋር ጎረቤት ነው፣ አንዳንዴም አንድ ቤተሰብ ነው። ሆራም እንደ ዝቋላው ደምበል በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ፈጣሪን በውሃና በከፍታ ፊት የማመስገን ልማድ በዚህ ሸለቆ ከሁላችንም ዕድሜ ይረዝማል።

አደጋው የመጣውም በዚሁ በተራራውና በውሃው ላይ ነው። በመጋቢት 2004 ዓ.ም የዝቋላ ደን ተቃጠለ። ከአዲስ አበባ፣ ከቢሾፍቱና ከአካባቢው ወጣቶች ተራራውን ወጥተው ከመነኮሳቱና ከገበሬው ጋር እሳቱን በቅጠል መቱ፣ በአፈር አፈኑ። ያን ሰሞን የብዙ ሰው ጥያቄ «ቤተክርስቲያኑ ተረፈ?» የሚል ነበር። ተረፈ። ግን በዚያ ተራራ ላይ ጽዱና አስታው ሲቃጠል የተቃጠለው የገዳሙ ግድግዳ ነበር፤ መቶ ዓመት የሞላው ጽድ ደግሞ በአንድ ዓመት መዋጮ አይተካም። ሐይቁን የሚመግበው ደኑ ነው፤ ተሳላሚው በጀሪካን ቀድቶ ለታመመ ልጁ የሚወስደው ጠበል የሚመጣው ከዚያ ነው። በዝዋይም ውሃው ለመስኖና ለአበባ እርሻ ከሁሉም አቅጣጫ ይቀዳል። የደብረ ጽዮንን መጻሕፍት የጠበቀው ያ ውሃ ከጎደለ ደሴቱ ደሴት መሆኑ ያበቃል።

በየካቲት 2016 ዓ.ም ደግሞ አራት የዝቋላ ገዳም አባቶች ተገደሉ። በዚያ ዓመት መጋቢት 5 ሲደርስ ወደ ተራራው ለመሄድ የተነሣው ሰው ልቡ ከብዶት ነበር። ብዙዎች በየሰፈራቸው ባለው የአቦ ቤተክርስቲያን አከበሩ። ገዳሙ ከጥንት ጀምሮ ጦርነትን አይቷል፤ ተቃጥሎም ተነሥቷል። ያነሡት ግን እዚያው ለመኖር የወሰኑ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። መነኩሴ የሌለበት ዝቋላ ሐይቅ ያለው ተራራ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ከዐለቱ፣ ከደኑና ከውሃው ጋር እኩል መጻፍ ያለበት የነዚያ አባቶች ነገር ነው።

ከአዳማ ተነሥቶ በአሮጌው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሞጆን ሲያልፍ፣ ቀኑ ጥርት ካለ፣ በስተግራ ዝቋላ ብቻውን ከሜዳው ተነሥቶ ይታየዋል። ቤተክርስቲያኑ ከዚያ አይታይም። ሆኖም መኪናው ውስጥ ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳብ አድርጋ፣ በመስኮቱ በኩል ሦስት ጊዜ አማትባ፣ «አቡዬ» የምትል እናት አትጠፋም። ሳንቲያጎ የደረሰው ተሳላሚ ከበሩ ገብቶ ምሰሶውን በእጁ ይዳስሳል። እሷ ተሳልማ የጨረሰችው ከሞጆ ነው።